ሲፈልግማ ይችላል

(ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለተሰበሰቡ ወላጆችና መምህራን ቅዳሜ ጠዋት የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ የተጻፈ)

እንደምን አደራችሁ! አከም ቡልተን! ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ማይኩ ይጮሃል መሰለኝ። እሺ፣ ትንሽ ራቅ ላድርገው። አሁንስ? ጎሽ።

የተከበራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ መምህራን፤ በወላጆቻችሁ ተጎትታችሁ የመጣችሁ ልጆችም። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ አጠባውን፣ ገበያውን፣ እድሩን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እኔ አስተማሪ ነኝ። መጀመሪያ ሒሳብ ነበር የማስተምረው። በኋላ ልዩ ፍላጎት ተማርኩና አሁን የምውለው ትምህርት ከሚከብዳቸው ልጆች ጋር ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት አላዝም። ይሄን ቀድሜ ልናገር፤ ኋላ በር ላይ እንዳትይዙኝ።

እስቲ እጅ አውጡልኝ። ዛሬ ጠዋት ከቤት ሳይወጣ «ቶሎ በል» ወይም «ቶሎ በይ» ያለ ማነው? አሃ። እጃችሁን ያላወጣችሁት እንግዲህ ልጅ የላችሁም ማለት ነው።

ዛሬ የማወራው ትኩረት መሰብሰብ ስለሚከብዳቸው፣ ነገር ለመረዳትም ለመመለስም ዝግ ስለሚሉ ልጆች ነው። ሦስት ነገር ይዣለሁ። አንደኛ፣ ይሄ ዝግ ማለት ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ቤትና ክፍል ውስጥ ምን ይመስላል? ሦስተኛ፣ ምን እናድርግ? ሁለተኛው ላይ ብዙ እንደምቆይ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

አንደኛው። ኤዲኤችዲ ሲባል፣ ማለትም ትኩረት የመሰብሰብና ራስን የመግታት ችግር ሲባል፣ ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ግድግዳ የሚወጣ ልጅ ነው። ሶፋ ላይ የሚዘል፣ ሰው ሳይጨርስ የሚመልስ። እሱም አለ። ግን ሌላም አለ። ጥግ ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ። በመስኮት የሚያይ። ስሙ ሁለቴ ሲጠራ «እ?» የሚል። ይሄኛው ማንንም ስለማይረብሽ ማንም ልብ አይለውም። ሴቶች ልጆች ላይ በብዛት የምናየው ይሄኛውን ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ሳይታወቅላቸው ያድጋሉ። በዓለም ደረጃ ከ100 ልጆች 5 ያህሉ ኤዲኤችዲ አለባቸው ተብሎ ይገመታል። 50 ተማሪ ባለበት ክፍል 2 ወይም 3 ልጅ ማለት ነው። መምህራን፣ ክፍላችሁን በዓይነ ህሊናችሁ እዩት።

ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ነገር የማብላላት ፍጥነታቸው ዝግ ያለ ነው። አንድ ነገር ሰምቶ ወይም አይቶ፣ ገብቶት፣ መልስ እስኪሰጥ ድረስ የሚወስድበት ጊዜ ይረዝማል። በተለይ ዝምተኞቹ ላይ ይሄ ጎልቶ ይታያል። ሁሉም ግን አይደሉም። ዝግ የሚል ልጅ ሁሉ ደግሞ ኤዲኤችዲ የለበትም።

ይሄ ነገር ከማስተዋል ጋር አንድ አይደለም። በሰፈራችን ላስረዳ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዚህ ወደ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ውጡ። መኪናው አዲስ ነው፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ ሾፌሩም ያውቃል። ግን ቆሟል። መኪናው ምን ሆነ? ምንም። መንገዱ ነው የያዘው። ከኋላው ሆናችሁ ጥሩምባ ብትነፉበት ይፈጥናል? ይናደዳል እንጂ አይፈጥንም። የኛም «ቶሎ በል» እንደዚያ ጥሩምባ ነው።

ይሄ የሚለካ ነገር ነው። ዴቪድ ዌክስለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1949 ለልጆች ያወጣው ፈተና እየታደሰ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከክፍሎቹ አንዱ ፍጥነትን ይለካል። ወረቀቱ ላይ ከላይ ቁጥሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ትንሽ ምልክት አለው። ከታች ቁጥሩ ብቻ ነው ያለው፤ ምልክቱን ልጁ ይሞላል። 2 ደቂቃ ይሰጠዋል። በቃ። የሚያመራምር ነገር የለውም። የዚህ ፈተና አማካይ ውጤት 100 ነው፤ ከሦስት ልጆች ሁለቱ ከ85 እስከ 115 ባለው መካከል ይገኛሉ። እንግዲህ አንድ ልጅ ቃላትን በመረዳት 118 አምጥቶ በፍጥነት 79 ሊያመጣ ይችላል። ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው ሰነፍ? እንዲህ ብለን ከጠየቅን ጥያቄያችን ራሱ ተበላሽቷል። ቁጥሮቹ የወጡት በውጭ አገር ልጆች ላይ ተሠርቶ ስለሆነ እዚህ ስንጠቀምባቸው በጥንቃቄ ነው። እኔ ውጤቱን ትቼ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ነው የማየው። ልጁ መልሱን ያውቃል። ማወቁንም ያውቃል። ግን እስኪያወጣው ሰዓቱ ያልፋል። እናንተ ብትሆኑ አትናደዱም?

ወደ ሁለተኛው ልሂድ።

ጠዋት። እናት ኩሽና ሆና ምሳ ዕቃ እየቋጠረች ትጮሃለች፤ «ተነስ፣ ፊትህን ታጠብ፣ ዩኒፎርምህ ወንበሩ ላይ ነው፣ ደብተርህን ያዝ፣ ሰርቪሱ መጣ!» ስንት ትእዛዝ ነው? አምስት። ልጁ «ፊትህን ታጠብ» የሚለውን ጨብጦ ሳይጨርስ ደብተሩ አልፎታል። የሰማው ነገር ሳይብላላ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ጭንቅላታችን ለአፍታ የሚይዘው ነገር ጥቂት ነው። ከዚያ ስትገቡ አንድ ካልሲ አድርጎ፣ ሌላውን በእጁ ይዞ፣ ግድግዳ እያየ ታገኙታላችሁ። ሰርቪሱ ከብሎኩ ሥር ክላክስ ያደርጋል። አራተኛ ፎቅ! ከዚያ የሚሆነውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

አሁን ደግሞ ክፍል ውስጥ እንግባ። አንድ ልጅ ላሳያችሁ፤ ስሙ ይቅር። አምስተኛ ክፍል ነው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የማየው እሱን ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ኖት ይጽፋሉ። አጠገቡ ያለችው ልጅ ቀና ትላለች፣ «የአፈር መሸርሸር መንስኤዎች» የሚለውን ባንዴ ይዛ ትወርዳለች፣ ትጽፋለች። የኔው ልጅ ቀና ይላል፣ «የአ» ይዞ ይወርዳል። ይጽፋል። ቀና ይላል። የት እንደነበረ ጠፋበት። መስመሩን ከላይ ጀምሮ በዓይኑ ይፈልጋል። አገኘው። «ፈር» ይዞ ይወርዳል። እርሳሱ ደነዘ። መቅረጫ ከጎረቤቱ ለመነ። ቀረጸ። ፍቅፋቂውን በመዳፉ ጠራረገ። ቀና ሲል መምህሩ የመጀመሪያውን ዓምድ በዳስተር እያጠፉ ነው።

የዚህን ልጅ ደብተር ብታዩት ርዕሱ ሁሉ አለ። በእያንዳንዱ ርዕስ ሥር ሁለት መስመር፣ ከዚያ ባዶ። ማታ እናቱ ትገልጠዋለች። «ምን ስትሠራ ዋልክ?» ትለዋለች። ምን ሲሠራ ዋለ? ከክፍሉ ልጅ ሁሉ በላይ ሲለፋ ነው የዋለው! እኔ በግሌ ከሰሌዳ መገልበጥ ትምህርት ነው ብዬ አላምንም። መምህራን ቁጡኝ፤ ግን አላምንም። እጅ ማለማመጃ ነው። ልጁን ሲገለብጥ የዋለውን ነገር ጠይቁት፤ ምን እንደጻፈ አያውቀውም።

መብራት ሄደ? ችግር የለም። የአስተማሪ ድምፅ አለኝ፤ ቀረብ ቀረብ በሉ።

የት ነበርኩ? አዎ፣ «አላውቅም»። እነዚህ ልጆች ቶሎ የሚማሯቸው ሁለት ቃላት አሉ፤ «አላውቅም» እና «እሺ»። ሁለቱም ከሰው ፊት ያስመልጣሉ። መምህሩ ይጠይቃል፣ ልጁ ማሰብ ይጀምራል፣ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያየዋል፣ ከኋላ አንዱ ይስቃል። «አላውቅም» ይልና ይቀመጣል። ያውቅ ነበር እኮ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለካች። 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት ግን መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም ብለው የሚቀሩ ልጆች ቀነሱ። 3 ሰከንድ! እስቲ አሁን አብረን ዝም እንበል። … … … ረዘመባችሁ አይደል? ያቺን ነው እነሱ የሚፈልጉት። እንዲያውም ለአንዳንዱ 3ም አይበቃውም።

ዘመድ ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የኛን ሰላምታ ታውቁታላችሁ። «እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ ወይ? አድገሻል! ትምህርት እንዴት ነው? ስንተኛ ወጣሽ?» ልጅቷ «እንዴት ነሽ» የሚለውን ልትመልስ አፏን ስትከፍት እኛ «ስንተኛ» ላይ ደርሰናል። ከዚያ «ምነው፣ አፍ የላትም እንዴ?» ይመጣል። እዚያው እሷው ፊት።

ይቅርታ፣ እዚያ ጋ እጅ ያነሱት አባት ይናገሩ። «የኔ ልጅ ጌም ላይ ከኔ ይፈጥናል፤ ታዲያ ምኑ ነው ዝግ የሚለው? ሲፈልግማ ይችላል» ነው ያሉት። አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለዚህ ጥያቄ ነው የመጣሁት።

ጌሙን ባጭሩ። ጌም ውስጥ የሚጻፍ የለም። ሥራው ሁሌ ዓይኑ ፊት ነው፤ በጭንቅላት የሚያዝ ትእዛዝ የለም። ያንኑ እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ ደጋግሞታል፤ እጁ ለምዶታል። ሽልማቱም ወዲያው ነው። የቤት ሥራ ከነዚህ አንዱም የለውም።

«ሲፈልግማ ይችላል» የሚለው ግን ከዚህ የከበደ ነው። እስቲ ልብ በሉልኝ። ትናንት የሒሳብ የቤት ሥራውን ራት ሳይቀርብ ጨረሰ። ዛሬ ያንኑ የሚመስል ይዞ እስከ መኝታ ሰዓት ተቀምጧል። ወላጅ ምን ይላል? «ትናንት ችለህ ዛሬ ምን ሆንክ? ሆን ብለህ ነው!» ተመራማሪዎች ልጆችን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው ምልክት ባዩ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫኑ ያደርጋሉ። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ አንዴ እንደ ማንም ይፈጥናል፣ ደግሞ ይፈጥናል፣ ከዚያ በድንገት አንዷ ላይ ጥፍት ይላል። ከዚያ መልሶ ይፈጥናል። ይሄ አለመርጋት ኤዲኤችዲ ላይ በተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ከሚገኙ ነገሮች አንዱ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን መቻሉ፣ አንድ ቀን አለመቻሉ የችግሩ ጠባይ ነው እንጂ የተንኮል ማስረጃ አይደለም። የትናንቱን ፍጥነት ዛሬ ምስክር አድርጋችሁ አትክሰሱት። አባቴ፣ ገባዎት? አመሰግናለሁ።

ትልልቆቹ ጋ ልምጣ። ልጅ ሲያድግ ፍጥነቱም ያድጋል፤ ይሄ እውነት ነው። እስከ ጉርምስና ድረስ ከዓመት ዓመት ይጨምራል። ግን የክፍል ጓደኞቹም እያደጉ ነው! እሱ ሲደርስ እነሱ ሌላ ቦታ ናቸው። ሥራውም ያድጋል። በየክፍለ ጊዜው መምህር ይቀያየራል፣ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በራሱ ቋንቋ ለማብላላት ጊዜ የሚፈልግ ልጅ አሁን መጀመሪያ ይተረጉማል፣ ከዚያ ያብላላል፣ ከዚያ መልሶ ይተረጉማል። ታዲያ ታች ክፍል ደህና የነበረ ልጅ ከፍ ሲል «ምን ነካው?» ብንል ይገርማል?

ከትምህርቱ ይልቅ ግን ጓደኝነቱ ነው የሚያማቸው። ልጄ ፈቅዳልኝ ነው ይሄን የምነግራችሁ። እሷም ኤዲኤችዲ አለባት፤ ዝምተኛው ዓይነት። ጓደኞቿ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይቀላለዳሉ። ቀልዱ ሳይገባት ከሰው ጋር መሳቅ ለመደች። ማታ ትመጣና «እማ፣ እንዲህ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?» ትለኛለች። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ደግሞ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ ታስተካክላለች። ልትልክ ስትል ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል። ስለዚህ ስቲከር ትልካለች። ግሩፑ ውስጥ «ስቲከር» ነው የሚሏት። እሷ ትስቃለች። እኔ ግን ያን ያህል አላሳቀኝም። ለብቻዋ ከአንድ ጓደኛዋ ጋር ስትሆን እኮ ወሬዋ አያልቅም።

ሦስተኛው ከመግባቴ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። ዛሬ ቤት ገብታችሁ «የኛ ልጅ ኤዲኤችዲ ነው» ብላችሁ እንዳትፈርዱ። ቲክቶክ አይታችሁም አትፍረዱ። ባለሙያ ሲያይ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆዩ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታዩ መሆናቸውን ይጠይቃል። ቀድሞ ዓይኑ ይታይ፣ ጆሮው ይታይ፣ ደም ማነስ ይመርመር። ጭንቀትም ልጅን ያዘገያል። ለ10 ሰከንድ ያህል ፍጥጥ ብሎ የሚቀር፣ ትከሻውን ስትነኩት እንኳ የማይመለስ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥል ልጅ ካለ ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ የሚጥል በሽታ ሁሉ አይጥልም። ጸበል የምትወስዱ አትተዉ አልልም። ሐኪሙን ግን አታስቀሩ። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው፤ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም።

እንቅልፍም አለ። ይሄ የኛ የዳር ሰፈር ሰዎች ጣጣ ነው። ትምህርት ቤቱ መሀል ከተማ፣ ቤቱ እዚህ። ልጁ ሌሊት 11 ሰዓት ይቀሰቀሳል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። እስቲ ሒሳቡን ሥሩት። ስንት ሰዓት መተኛት ነበረበት? እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ ኤዲኤችዲ ባይኖርበትም ይዘገያል። «ጥሩ ትምህርት ቤት» ብላችሁ ከተማ ለከተማ ከምታንከራትቱት፣ ቅርብ ያለው ይሻለው እንደሆን ደግማችሁ አስቡ። ይሄን ስል የማይወዱኝ እንዳሉ አውቃለሁ።

እሺ፣ ሦስተኛው። ሰዓቱን አይቻለሁ፤ እሮጣለሁ።

ትእዛዝ አንድ በአንድ። ከኩሽና አትጩሁ፤ ቀርባችሁ፣ ዓይኑን አይታችሁ አንዱን ንገሩት። ሲጨርስ ሁለተኛውን። ዩኒፎርሙም ካልሲውም ቦርሳውም ማታ ይዘጋጅ።

የቤት ሥራውን ብዛት ቀንሱለት፤ ክብደቱን አይደለም። 20 ጥያቄ ከሆነ 8ቱን በደንብ ይሥራ። ማካፈል እንደገባው በ8ቱ ካላወቃችሁ በ20ውም አታውቁም። ከመምህሩ ጋር ተነጋገሩና ሰዓት ወስኑለት። ሰዓቱ ሲደርስ ያቁም፣ እናንተ ፈርሙበት። ራት በልቶ ይተኛ።

ኖቱን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ወይም ከጓደኛ ደብተር ኮፒ ይደረግ። መምህሩ የጻፉበት ወረቀት ካላቸው ይስጡት። ልጁ በዚያች ሰዓት ያዳምጥ።

መምህራን ሁሌ የምትሉኝን አውቃለሁ። «50 ልጅ ይዤ አንዱን እንዴት ልጠብቅ?» ልክ ናችሁ። ስለዚህ አትጠብቁት። ከአንድ ቀን በፊት ሹክ በሉት፤ «ነገ ሦስተኛውን ጥያቄ አንተን ነው የምጠይቅህ» በሉት። አዳሩን ያስብበታል። ነገ ተነስቶ ሲመልስ የክፍሉን ፊት እዩት። ምንም ወጪ የለውም። የክፍል ፈተናም በእጃችሁ ነው፤ እረፍት ሰዓት ላይ ትንሽ ደቂቃ ጨምሩለት። «ለሌሎቹ አድልዎ ነው» ትሉኛላችሁ። የሳይንስ ፈተና የሚለካው ሳይንሱን ነው ወይስ ሩጫውን? ሩጫውን ከሆነ ስፖርት መምህሩ ያርሙት።

መድኃኒት። ሐኪሙ ሪታሊን የሚባለውን ወይም የሱን ዓይነት ሊያዝ ይችላል። ትኩረትን ያግዛል። ያ አለመርጋትም ሊቀንስ ይችላል። ዝግታውን ግን ጠራርጎ አያነሳም፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ጀመረ ብላችሁ ጊዜውን አትንጠቁት።

ቁልፍ የያዙት አባት በር ላይ ቆመው ያዩኛል፤ 6 ሰዓት ላይ አዳራሹ ለእድር ስብሰባ ይፈለጋል። ደብተርና ሪፖርት ካርድ ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች ታች ደረጃው ጋ እቆያለሁ። ልጁን ራሱን አምጡልኝ። ስጠይቀው ግን እባካችሁ እናንተ አትመልሱለት።